ባሕር ዛፉ እዚህ አገሩ ነው፦ ልጆቻችንን በአቦርጂናሎች አገር ላይ እንዴት እናስተምር?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአውስትራሊያ፣ ሜልበርን ያለው ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ነበርን። እኔ፣ የምጠብቃቸው አራት ልጆች፣ እና ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት። እናታችን ከመሬት አንድ ቅጠል አነሱ። በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉት ፊታቸው ቦግ አለ። «ውይ፣ የኛ ባሕር ዛፍ! እዚህም ድረስ አምጥተውታል?» አሉ። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሳቀችባቸው። «አያትዬ፣ እሱኮ አገሩ እዚህ ነው!»

ልክ ናት። በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ነው ይህ ዛፍ የገባው። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ አልነው። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው የታዝማኒያና የቪክቶሪያ ተወላጅ ነው፤ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ደግሞ እዚህ ወንዝ ለወንዝ የሚበቅለው ነው። እዚህ ባሕር የተሻገረው ዛፉ አይደለም፤ እኛ ነን። ልጆችን ስለ አቦርጂናሎች፣ ስለ አውስትራሊያ ጥንታዊ ባለቤቶች፣ ማስተማር የምጀምረውም ከዚሁ ነው። እንግዳው ማን ነው? ባለቤቱስ ማን ነው?

ይህን የምጽፈው እንደኔ ቤታቸው ውስጥ ሕፃናት ለሚጠብቁ፣ ቅዳሜ አማርኛ ለሚያስተምሩ፣ እና «ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ አቃተኝ» ለሚሉ ወላጆች ነው። እኔ አቦርጂናል አይደለሁም። የማውቀው ከባለቤቶቹ የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና ተሳስቼ የተማርኩትን ነው። ምሳሌዎቼ ከሜልበርን ናቸው። ፐርዝ ወይም ብሪዝበን ያላችሁ አካሄዱን ብቻ ውሰዱ፤ ስሞቹ፣ እፅዋቱና ወቅቶቹ እናንተ ጋ ሌላ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን አስተካክሉ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ አስተማሪዎች «ካንትሪ» የሚለውን ቃል ለልጆች ለማስረዳት ሲቸገሩ አያለሁ። ለነሱ ቃሉ ወይ ባንዲራ ያለው መንግሥት ነው፣ ወይ ከከተማ ውጭ ያለ ገጠር። አቦርጂናሎች ሲሉት ግን መሬቱን፣ ውኃውን፣ ሰማዩንና ከዋክብቱን፣ እንስሳውን፣ ቋንቋውን፣ ሕጉን፣ የሞቱትንም ገና ያልተወለዱትንም ይይዛል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ስንገናኝ «አገሩ ሰላም ነው?» እንል የለ? «አገሬ ናፈቀኝ» ስንልስ የናፈቀን ፓስፖርቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ፣ የአያታችን ደጅ፣ የማለዳው ወፍ ነው። ስለዚህ «አገር» ብላችሁ ተርጉሙት፣ ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

ርስት ግን አትበሉት። እኔ መጀመሪያ ላይ እል ነበር። ርስት ይከፋፈላል፣ ይወረሳል፣ ሰው ይካሰስበታል (ለዚያውም ስንት ዓመት!)። በርስት ሰውየው ነው የመሬቱ ባለቤት። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው የመሬቱ ነው፣ የሱ ስለሆነም ሊጠብቀው ግዴታ አለበት።

ደረጃ 1፦ የማን አገር ላይ እንደቆማችሁ እወቁ

በዚህ አህጉር ሰው ከ60,000 ዓመት በላይ ኖሯል። እንግሊዞች በ1788 ሲመጡ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። ስለዚህ «የአቦርጂናል ቋንቋ» ማለት «የአፍሪካ ቋንቋ» እንደማለት ነው። ሰው «አፍሪካንኛ ትናገሪያለሽ?» ሲለን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን፤ እኛው መልሰን እንዳናደርገው።

ሜልበርንና አካባቢዋ ኩሊን የሚባሉ አምስት ሕዝቦች አገር ነው፦ ዎይ ዉሩንግ፣ ቡን ዉሩንግ፣ ዋዳዉሩንግ፣ ታውንጉሩንግ እና ጃጃ ዉሩንግ። ከተማዋ ራሷ በሁለቱ መሐል ትወድቃለች። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የዉሩንድጄሪ ዎይ ዉሩንግ ነው፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ደግሞ የቡኑሮንግ (ቡን ዉሩንግ ያልኳቸው ናቸው)። መስመሩ በይፋ የተሰመረው በ2021 ነው፤ ከዚያ በፊት የታተመ ወረቀት ካላችሁ ደግማችሁ አረጋግጡ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው በቀለም ያሸበረቀው ትልቅ ካርታ ቆንጆ ነው፣ ለልጆች ስለ ብዛቱ ለማሳየት ይበጃል፤ የድንበር ማስረጃ ግን አይደለም። የሰፈራችሁን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

ከዚያ የሰላምታው ጉዳይ። ሁለት ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት የባለቤቶቹ ብቻ ነው። ሰው ቤት ሄዳችሁ «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አትሉም አይደል? ኩሊኖች እንግዳን በሰላም የሚያስገቡበት ታንደሩም የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ የሌላ አገር ሰው መጥቶ ይጠብቃል፣ ፈቃድ ያገኛል፣ የአገሩን ሕግ አክብሮ ይቆያል። ሌላው ሰው፣ ማለትም እኛ፣ የምንለው «ይህ የነሱ አገር መሆኑን እናውቃለን፣ እናከብራለን» የሚለውን ነው። ይሄን ማንም ሊል ይችላል።

ታትሞ የሚመጣውን ረጅሙን ጽሑፍ ለልጆች አታንብቡ። አይሰሙትም። አብራችሁ ጻፉ። የኛው እንዲህ ነው፦ «ይህ የዉሩንድጄሪ አገር ነው። እኛ እንግዶች ነን። ወንዙን፣ ዛፎቹን፣ ወፎቹን አንጎዳም። ጉንዳኖቹንም።» የመጨረሻዋን የጨመረው የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ሁሌም ጮክ ብሎ የሚላት እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ቦታ ምረጡ፣ ደጋግማችሁ ሂዱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ልትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። በዓመት አንዴ በአውቶቡስ ሙዚየም ከመውሰድ፣ በሳምንት አንዴ እዚያው ሰፈር እዚያው ዛፍ ሥር መቀመጥ ይበልጣል። ሙዚየሙ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የሜልበርን ሙዚየም ቡንጂላካ ክፍልና ፌዴሬሽን አደባባይ ያለው የኩሪ ቅርስ ማዕከል በጣም ጥሩ ናቸው፤ ግን ልጆቹ ጥያቄ ይዘው ሲሄዱ ነው የሚጠቅሙት።

ቦታው በእግር የሚደረስ ይሁን። ውኃ ወይም ያረጀ ዛፍ ይኑረው፣ ጥላ ይኑረው። ሽንት ቤት ቅርብ መሆኑን ደግሞ አደራ። እኔ ፉትስክሬይ ያለውን ኒውልስ ፓዶክ ረግረግ መረጥኩ። በሰሜን ሰፈር ላላችሁ ሜሪ ክሪክ አለላችሁ።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የራሳችሁን ሰላምታ በሉ። ከዚያ ቁጭ። ዝም። ትንንሾቹ ሦስት ደቂቃ ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያሉት አሥር ይችላሉ። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ፦ ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ? ማን መጥቶ ነበር? ምን ሰማችሁ? መልሱን በደብተር ጻፉት ወይ ይሣሉት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት «ምንም የለም፣ እንሂድ» ይሏችኋል፣ እናንተም በልባችሁ ታምኗቸዋላችሁ። ታገሱ። በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ አንዱ ልጅ «ያ ወፍ ዛሬ የለም» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው በራሱ ይሄዳል። ዝናብ ሲሆንም ሂዱ፤ ክረምት የማያውቅ የሐበሻ ልጅ አናሳድግም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በፈቃድ የምትሠሩ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት የአደጋ ግምገማ በጽሑፍ፣ የወላጅ ፈቃድም በፊርማ ያስፈልጋል። ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ውኃ፣ የሞላ ስልክ። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ውኃ ዳር እባብ ስላለ ከመንገዱ አትውጡ፣ ረጅም ሣር ውስጥ እጅ አታስገቡ።

እንዲሁም ምንም ይዛችሁ አትመለሱ። አበባ አትቅጠፉ፣ ድንጋይም አታንሡ። ስለታም ጠርዝ ያለው ትንሽ ድንጋይ የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ሊሆን ይችላል፣ በቪክቶሪያ ሕግም የተጠበቀ ነው። ካያችሁ ፎቶ አንሡ፣ ቦታው ላይ ተዉት፣ ለሚመለከተው ንገሩ። ልጆች «ለምን?» ሲሉ ቀላል ነው፦ ሰው ቤት ገብተን ዕቃ ኪሳችን አንከትም።

ደረጃ 3፦ አራቱን ወቅት ተዉና ሰባቱን ቁጠሩ

እዚህ የመጣን ሰሞን «ጸደይ በሴፕቴምበር አንድ ይገባል» ሲሉን ሰማዩን ቀና ብለን አየን፣ ምንም የለም። እንግሊዞች ከአገራቸው ያመጡት ቆጠራ ነው፣ ገልብጠው የሰቀሉት። ኩሊኖች አገሩን እያዩ የቆጠሩት ሰባት ወቅት አላቸው።

ቢደራፕ ደረቁ ወቅት ነው፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ። ዩክ የኢሉ ወቅት ነው፣ ማርች አካባቢ። ኢል ማለት እባብ የሚመስለው ረጅሙ ዓሣ ነው። ዋሪንግ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ ጠዋት ጉም የሚተኛበት፣ ዎምባት የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ፀሐይ ሊሞቅ የሚወጣበት ቀዝቃዛ ጊዜ። ጉሊንግ ኦገስት ላይ ኦርኪድ የሚያብብበት፣ ሲልቨር ዋትል የሚባለው ግራር ቢጫ የሚለብስበት። ፑርኒት የእንቁራሪት ጫጩቶች ወቅት ነው፣ ቡአት ጉሩ ሣሩ የሚያብብበት፣ ጋራዋንግ ደግሞ ዲሴምበር ላይ ካንጋሮ አፕል የሚባለው ቁጥቋጦ የሚያፈራበት። ከነዚህ በላይ በየዓመቱ የማይመጡ ሁለት አሉ፤ የእሳትና የጎርፍ ወቅት። በኦክቶበር 2022 ማሪቢርኖንግ ሞልቶ ቤት ውስጥ ሲገባ ያየ ልጅ ካላችሁ፣ ጎርፍ ራሱ እንደ ወቅት ይቆጠር እንደነበር ስትነግሩት ዓይኑ ይፈጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ ክብ ሣሉ፣ ለሰባት ክፈሉት። ቀን አትጻፉበት። ልጆቹ ምልክቱን ባዩ ጊዜ ብቻ ይለጥፉ፤ ቢጫውን አበባ ካላዩ ወቅቱ አልገባም፣ የቀን መቁጠሪያው የፈለገውን ቢል። ይሄን ለኛ ልጆች ማስረዳት ከሁሉም ይቀላል። አደይ አበባ ስትፈነዳ ነው እንቁጣጣሽ የሚሸተን። አያቶቻችን ወሬውን ከአበባው ነበር የሚሰሙት። እናም ወላጅ ሲመጣ «እናንተ ሰፈር ዝናብ መግባቱን በምን ታውቁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚወጣው ወሬ አያልቅም።

ጆሮም አስተምሩ። በፀደይ ማታ ማታ ረግረጉ ላይ «ቦንክ» የምትል እንቁራሪት አለች፣ ፖብልቦንክ ይሏታል። የክራር ክር አንዴ ብቻ ቢነካ የሚሰጠውን ድምፅ ነው የምታወጣው። ፍሮግ አይዲ የሚባለው የአውስትራሊያን ሙዚየም መተግበሪያ ድምፁን ቀድታችሁ ስትልኩ የየትኛዋ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ቅጂውም ለጥናት ይውላል።

ኢሉን አትለፉት። ወንዙ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሲጎለምስ ወንዙን ወርዶ፣ ወደ ባሕር ወጥቶ፣ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ዋኝቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ኮራል ባሕር ደርሶ ይራባል፣ እዚያው ይሞታል። ጫጩቶቹ በባሕሩ ውስጥ ባለው ጅረት ተመልሰው ይመጣሉ። ከሜልበርን ወደ ምዕራብ፣ ቡጅ ቢም በሚባለው እሳተ ገሞራ ሥር፣ ጉንዲትጅማራ የሚባሉት ሕዝቦች ከድንጋይ ቦይና ግድብ ሠርተው ይህን ኢል ያረቡ ነበር። ከ6,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥራ ነው፤ በ2019 ዩኔስኮ መዝግቦታል። «አቦርጂናሎች ዝም ብለው ይዞሩ ነበር፣ ምንም አልሠሩም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ (ከኛም ውስጥ አለ፣ አንዋሽ) ቡጅ ቢምን አንሡበት።

ደረጃ 4፦ ሙርኖንግ ትከሉ

ባህሉንም፣ ታሪኩንም፣ ተፈጥሮውንም በአንዲት ማሰሮ ውስጥ ላስተምር ብትሉ ሙርኖንግን የሚያክል የለም።

ሙርኖንግ ትንሽ ተክል ናት፣ ቢጫ አበባ አላት፣ ከሥሯ ጣት የሚያክል ሥራ ሥር ታወጣለች። ለዚህ አገር ሰዎች እንደኛ ድንች ወይም እንደ ወለጋ አንጮቴ ነበረች፣ ዋና ምግብ። ሴቶችና ልጆች በሹል እንጨት ይቆፍሯታል፣ ትልቁን ወስደው ትንንሹን እዚያው ይመልሳሉ። በቆፈሩ ቁጥር አፈሩ ይላላል፣ አየር ይገባዋል፣ የሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ይበቅላል። መስኩን ደግሞ ቀስ ብሎ በሚሄድ ቀዝቃዛ እሳት ያቃጥሉታል፣ አዲሱ ሣር እንዲወጣ፣ ካንጋሮም እንዲመጣ። ያ መስክ ሰው ያበጀው ነበር። ሣሩ ራሱ፣ ካንጋሮ ግራስ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ሣር ሜዳዎችም የሚበቅለው ያው ዝርያ ነው፤ ይሄን የሰማሁ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ።

ከዚያ በ1835 በጎች መጡ። በግ ሙርኖንግ ይወዳል። ቅጠሉን በላ፣ ከዚያ በአፍንጫው እየቆፈረ ሥሩን መብላት ተማረ። ሰኮናው የላላውን አፈር ደፈጠጠው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሰው ሲመግብ የኖረው መስክ ባዶ ሆነ። ረሃብ መጣ። የራበው ሰው ከመሬቱ ላይ ምግቡን የበላበትን በግ ሲበላ «ሌባ» ተባለ፣ ጥይትም ተከተለ። ዛሬ ከሜልበርን በስተምዕራብ ካለው ከዚያ ሜዳ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አልቀረም። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህን ስትነግሩት «ቅኝ ግዛት» የሚለውን ቃል ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ማሰሮዋን እያየ ነው የሚሰማው።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ዘሯን ወይ ችግኟን የአገር በቀል እፅዋት ከሚሸጡ ችግኝ ጣቢያዎች ግዙ፣ ከዱር አታምጡ። ጠለቅ ያለ ማሰሮ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈር፣ ሙሉ ፀሐይ። በመከር፣ ኤፕሪል አካባቢ ትከሉ። ቀንድ አውጣ ጠላቷ ነው፤ ማታ በባትሪ እየዞሩ መልቀም የልጆቹ ሥራ ይሁን፣ ይወዱታል። እምቡጧ ከመፈንዳቷ በፊት አንገቷን ትደፋለች፣ እንዳፈረች ልጅ፤ ከሌላው ቢጫ አበባ የምትለዩዋት በዚህ ነው። በጋ ሲገባ ትደርቃለች፣ ማሰሮው ባዶ ይመስላል። የኔን አንድ ቤተሰብ «ሞታለች» ብሎ ከነአፈሩ ደፋት፣ ስሙን አልጠራም፣ ማታ ማታ አጠገቤ ነው የሚተኛው። አልሞተችም ነበር። ከመሬት በታች ተኝታ ነበር፣ በመከር ትነሣ ነበር። ማሰሮው ላይ «ተኝታለች» ብላችሁ ጻፉበት።

ደረጃ 5፦ ታሪኩን እዚያው ቦታው ላይ ንገሩ

ለታናናሾቹ ከአምስት ዓመት በታች «ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር፣ ዛሬም አሉ፣ ሌሎች ሰዎች ሳይጠይቁ ወሰዱባቸው» ይበቃል። «ነበሩ» ብቻ ብላችሁ እንዳታቆሙ። «ዛሬም አሉ» የምትለዋ ናት ዋናዋ።

ከስምንት ዓመት በላይ ላሉት ያራ ወንዝ ዳር ሂዱ። ስሙ ቢራሩንግ ነው፣ የጉም ወንዝ። ያራ የሚለው አንድ ቀያሽ አሳስቶ የሰማው ቃል ነው። በ1835 ጆን ባትማን የሚባል ሰው ከዚህ አገር ሽማግሌዎች ጋር ተዋዋልኩ አለ፤ ለብርድ ልብስ፣ ለመጥረቢያ፣ ለመስተዋት፣ ለመቀስና ለዱቄት ወደ 600,000 ኤከር መሬት። ሽማግሌዎቹ ምን እንደተስማሙ የገባቸው ምናልባት እንደ ታንደሩም ለእንግዳ ፈቃድ መስጠት ነው። በአንድ ወረቀት ሁለት ትርጉም ምን እንደሚያመጣ ውጫሌን ለሚያውቅ ልጅ ብዙ ማብራራት የለብንም። አገረ ገዥው ውሉን ወዲያው ሻረው፤ ግን ውሉ ሽማግሌዎቹን ስለበደለ አይደለም፣ መሬቱ የዘውዱ ነው፣ ሌላ ሰው መሸጥ አይችልም ብሎ ነው።

ከዚያ ኮራንደርክ። በ1863 ሳይመን ዎንጋና ዊሊያም ባራክ ሕዝባቸውን መርተው ተራራ አቋርጠው ሂልስቪል አጠገብ ሰፈሩ፣ ቦታውንም እዚያ በሚያብበው ነጭ አበባ ስም ጠሩት። እርሻ አቋቋሙ፣ የሚያመርቱት ሆፕ (እንደኛ ጌሾ ለቢራ የሚገባው) በሜልበርን ገበያ ስመ ጥር ሆነ። ባለሥልጣናት ሊያፈናቅሏቸው ሲነሡ ደብዳቤ ጻፉ፣ በእግራቸው እስከ ሜልበርን መጥተው አቤት አሉ፣ በ1881 በፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቃላቸውን ሰጡ። በ1886 የወጣው ሕግ ግን «ቅልቅል» ያላቸውን ሁሉ ከቤታቸው አስወጣ፣ ቤተሰብም ለሁለት ተከፈለ። ባራክ የዋትሉ አበባ ሲያብብ እሞታለሁ ብሎ ነበር ይባላል። የሞተው በኦገስት 1903 ነው። ጉሊንግ ላይ ቢጫው አበባ ሲወጣ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ አልነግርም።

ለኛ ለፉትስክሬይ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ዊሊያም ኩፐር ነው። እንጀራ ልንገዛ ስንሄድ ባቡር ጣቢያው ላይ የምናቋርጠው የእግረኛ ድልድይ በስሙ ነው የሚጠራው፣ ስንቶቻችን አይተነዋል? ዮርታ ዮርታ ነው፣ በስተርጅና ፉትስክሬይ ይኖር ነበር። በፓርላማ እንወከል ብሎ 1,814 ፊርማ አሰባስቦ ለንጉሥ ጆርጅ አቤቱታ አዘጋጀ፤ መንግሥት አላስተላለፈውም። በዲሴምበር 6 ቀን 1938፣ ናዚዎች በጀርመን በአይሁዶች ላይ ያን የመስተዋት ሰበራ ሌሊት ካደረሱ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ይሄ ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ሽማግሌ ከቤቱ ተነሥቶ ከሰዎቹ ጋር ወደ ጀርመን ቆንስላ የተቃውሞ ደብዳቤ ይዞ ሄደ። ቆንስሉ አልተቀበላቸውም። በገዛ አገሩ ሙሉ መብት ያልነበረው ሰው ነው ለማያውቃቸው ሰዎች አቤት ያለው። ልጆቹን ድልድዩ መሐል አቁሙና ንገሯቸው፣ ባቡር ሲያልፍ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ከእናታቸው ስለተነጠቁት ልጆች ስትናገሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። በዚህ አገር መንግሥት አቦርጂናል ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ለአሥርተ ዓመታት ወስዷል፣ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ይቅርታ ጠይቋል። በኛ ማኅበረሰብ ውስጥም በስደት ከእናቱ የተለየ ልጅ አለ። አስቀድማችሁ ወላጅ አማክሩ፣ ማታ ከመኝታ በፊት አይሁን።

ጃንዋሪ 26ም ይመጣል፣ እንግሊዞች የሰፈሩበት የሚታሰብበት የአውስትራሊያ ቀን። ለአቦርጂናሎች የሐዘን ቀን ነው። እኔ ዜግነቴን የተቀበልኩት በዚያ ቀን ነው፣ እልል ተብሎልኝ፣ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ።

ደረጃ 6፦ ተረት አትበሉት፣ ነጠብጣቡንም ተዉት

ስለ ቡንጂል፣ ስለ ንስሩ ፈጣሪ፣ ወይም ስለ ዋ፣ ስለ ቁራው ስታወሩ «ተረት ተረት፣ የላም በረት» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጆቹ ወዲያው ሳቅ ይጠብቃሉ። ይሄ ለባለቤቶቹ ሕግም ታሪክም ነው። «የዉሩንድጄሪ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ካሳተሙት አንብቡ፣ የራሳችሁን አትጨምሩ፣ አታሳጥሩ።

የመጀመሪያ ዓመት ልጆቹን በጆሮ መጥረጊያ ነጠብጣብ እንዲሥሉ አድርጌ ግድግዳ ሞላሁ። ኮራሁበትም። አንዲት አቦርጂናል እናት አይታው በትሕትና «የማን ነጠብጣብ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ የነጠብጣብ ሥዕል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከመሐል በረሃ፣ ከፓፑንያ የተነሣ ነው፣ ምልክቶቹም ባለቤት አላቸው። የዚህ አገር ሰዎች የሚታወቁት በመስመርና በተደራረበ የአልማዝ (ዳይመንድ) ቅርጽ ነው። ዲጄሪዱ የሚባለው ረጅሙ የእንጨት መለከትም ከሰሜን ነው።

በምትኩ ሁለት ነገር ልስጣችሁ። አንዱ ስፌት ነው። ሎማንድራ የሚባለው ረጅም ቅጠል ያለው ተክል በየጓሮው አለ፣ እዚህ ሴቶች ቅርጫት ይሠሩበት ነበር። ከራሳችሁ ጓሮ ቆርጣችሁ አድርቁት፣ ከዚያ በውኃ አርሱት። ስፌት የሚያውቁ እናቶች ካሉ ጥሩአቸው፣ እንደ አክርማ ነው የሚታዘዝላቸው። ግን ለልጆቹ «ይሄ የኛ ስፌት ነው፣ ቅጠሉ የነሱ ነው» በሏቸው። ሌላው ዛፍ ላይ ከሚኖረው ፀጉራም እንስሳ፣ ከፖሰም፣ ቆዳ የሚሠራው ካባ ነው። ሕፃን ሲወለድ በትንሹ ይጀመራል፣ ሲያድግ ቆዳ እየተጨመረ አብሮት ያድጋል፣ በውስጥ በኩል የማን ልጅ እንደሆነና አገሩ ይቀረጽበታል። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልላችሁ ንገሯቸው። ለመሥራት አትሞክሩ፣ ማየት ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ባለቤቶቹን ጋብዙ፣ ክፈሉም

ሽማግሌዎቻቸውን አንቲና አንክል ይሏቸዋል፣ ዘመድ ባይሆኑም፣ እኛ እትዬና ጋሼ እንደምንለው። ግን ዝም ብላችሁ አንቲ አትበሉ፣ መጀመሪያ እንዴት ልጥራዎት በሉ። በዉሩንድጄሪው ተቋም ወይም በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ቀድማችሁ ጻፉ፣ ወራት ቀድማችሁ፤ በጁላይ፣ የአቦርጂናሎች ባህል በሚከበርበት የናይዶክ ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው ስለሚጠራቸው ሌላ ጊዜ ምረጡ። ዋጋውን ጠይቁና ክፈሉ። «እኛ ትንሽ ማኅበር ነን» ብላችሁ በነፃ አትለምኑ፤ ዕውቀታቸው ሥራቸው ነው። ሲመጡ ሻይ ወይም ቡና አቅርቡ፣ ይሄን እናውቅበታለን። የሞተ ሰው ፎቶ ወይም ስም ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ነውር ሊሆን ይችላል። ክፍላችሁ ውስጥ አንድ አቦርጂናል ልጅ ካለም እሱን «እስቲ አንተ አስረዳን» አትበሉት፤ ልጅ ነው፣ ይጫወት።

ለመጀመሪያዋ ቅዳሜ

ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆዩ። ሙዝ፣ ውኃ፣ ትርፍ ካልሲ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ የቆሻሻ ከረጢት ያዙ። ከረጢቱን ስትመለሱ በመንገድ ላይ ባያችሁት ፕላስቲክ ሙሉት፣ ልጆቹ ይወዳደሩበታል። አያት ካላችሁ አያትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባሕር ዛፉን ሲያዩ ቅርንጫፍ ሊሰብሩ እጃቸውን ይሰዳሉ፣ ለጉንፋን እታጠንበታለሁ ይላሉ። የወደቀውን ቅጠል ያሽትቱ። ቅርንጫፉን ለምን እንደማይሰብሩ ልጆቹ ይንገሯቸው።